የደጋን የጓሮ ዶሮዎችና የቤት እንስሳት የሥዕል ክብር አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

እኛ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደጋን የምንኖር፣ ከጓሯችን ዶሮ፣ ከበራችን ውሻ፣ ከምድጃችን ዳር ድመት የማይጠፋ ነዋሪዎች፣ ማንም ሳይመርጠን፣ ማንም ሳይጠይቀን፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ይህን አውጀናል።

በአገራችን እንስሳ ሥዕል የሚሠራለት ወይ ንጉሥ ሲቀመጥበት፣ ወይ ሰው ሊበላው ሲያስብ ብቻ ሆኖ በመቆየቱ፤

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በፈረሳቸው ስም «አባ ሻንቆ»፣ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እየተባሉ ሲወደሱ፣ እንቁላሏ ለጨው፣ ለሳሙናና ለደብተር ሲመነዘር በኖረችው ዶሮ ስም ግን እስከ ዛሬ «አባ ገብስማ ነኝ!» ብሎ የፎከረ ጀግና ባለመገኘቱ፤

ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ለሉሉ በቤተ መንግሥቱ ግቢ የመቃብር ድንጋይ ሲቆምላት፣ ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ስትመልስ ለምታድረው ለደጋን ውሻ ግን ድንጋይ ሲወረወርባት እንጂ ሲቆምላት ባለመታየቱ፤

በደሴና በኮምቦልቻ ሥጋ ቤቶች በር ላይ የተሣለው በሬ ዘወትር ደስ ያለው መስሎ የሚታየው ሠዓሊው ቀብዱን የተቀበለው ከባለ ሥጋ ቤቱ እንጂ ከበሬው ዘመዶች ስላልሆነ፤

ይህ ሁሉ አንድ ቀን መታረም ስላለበት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ ከላይ በተጻፈው ርዕስ ሊጠቀስ ይችላል። ርዕሱን ለማሳጠር ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር፤ ኮሚቴው ሁለት ቃል ጨምሮበት ተመልሷል።

አንቀጽ 2። በዚህ አዋጅ ውስጥ «ዶሮ» ማለት በደፈናው ዶሮ ማለት አይደለም። ገብስማ አለች፣ ወሰራ አለች፣ ዝጉርማ አለች፣ ኮክማ አለች፤ ጉትያ ያላት አለች፣ አንገተ መላጣም አለች። የደጋን እናት ዶሮዋ ስትጠፋባት ጎረቤት የምትጠይቀው በመልኳ ነው። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ «ቡናማ ነገር» ብሎ የጻፈ ሠዓሊ ቀብዱን ይመልሳል። ገብስማዋን ያረጀች መስሎት በጥቁር ቀለም ያለበሰም እንዲሁ። ኮምቦልቻ ካለው የዶሮ ማባዣና ማከፋፈያ ማዕከል የመጣች ዶሮም በዚህ አዋጅ እኩል መብት አላት፤ «ፈረንጅ ናት» ተብሎ ዋጋ አይጨመርባትም።

አንቀጽ 3። ስለ አቀማመጥ ብዙ ተከራክረናል። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ ተመልካች አዙረው በሁለት ዓይን ይታያሉ፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ዶሮ ደግሞ ዓይኖቿ በግራና በቀኝ ስለሆኑ በጎን ካልተሣለች ዶሮ አትመስልም፤ ፊት ለፊት የሣላት አንድ ወጣት ያመጣልን ጉጉት ነበር። ተወስኗል፤ ዶሮ በአንድ ዓይን መሣሏ ኃጢአተኛ አያደርጋትም። ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ሲክድ የጮኸው አውራ ዶሮም ምስክር እንጂ ተከሳሽ አልነበረም። ድመት ግን በአንድ ዓይን ትሣል። ስለ ቋንጣው የምናውቀውን እናውቃለን።

አንቀጽ 4። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ለሰው የተሰጠው ለዶሮ የሚነፈግበት ምክንያት አልታየንም። ዶሮ ፍርፋሪ ተበትኖላት ባለችበት ከቆየች ፈቅዳለች፤ ቆጥ ላይ ከወጣች አልፈቀደችም። አውራ ዶሮ ሳይጠየቅ የፈቀደ ነው። ያው ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ስለሚል፣ ዶሮዋ ባልደረቀ ቀለም ላይ ብትሄድ ባለቤቷ ይከፍላል። ነገር ግን የእግሯ አሻራ ከሠዓሊው ሥራ በልጦ ከተገኘ ሒሳቡ ለሁለት ይካፈላል።

አንቀጽ 5። በደጋን ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል በግድግዳው እንዲሰቀል የማይሻ ሰው ብዙ ነው፤ አዋጁም ያከብረዋል። ለእንዲህ ያለው ቤት ሠዓሊው ቆጡን፣ የውኃ ጣሳዋንና የወደቀች አንዲት ላባ ይሣል፤ ዶሮዋ ለጉዳይ ወጥታለች ተብሎ ይታሰባል። ሙሉ ሥዕሏን ማየት ካማረው በክርስቲያን ጎረቤቱ ቤት አሰቅሎ በቡና ሰዓት እየሄደ ያያል። በወሎ ለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም።

አንቀጽ 6። የአዋጁ እምብርት ይህ ነው፤ ሠዓሊዎች ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሥዕል ታዞት «ለበዓል አደርስላችኋለሁ» የማይል ሠዓሊ አላየንም። ችግሩ ለበዓል የምትደርሰው ዶሮዋም መሆኗ ነው። ሠዓሊው በዋዜማው ቀለሙን ይዞ ሲመጣ ሽንኩርቱ ከተቁላላ ምን ሊሥል ነው? ስለዚህ የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ቀጠሮ በሙሉ ተሰርዟል። የሥዕል ወቅት ዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀን ሙሉ በክርስቲያኑ ቤት ቢላዋው ስለሚያርፍ ዶሮ ልቧ ተረጋግቶ ትቀመጣለች፤ ፊቷም ላይ በሌላ ጊዜ የማይታይ ሰላም ይነበባል። የሙስሊሙ ቤት ዶሮ ይህ ዋስትና ስለሌላት ሠዓሊው እጁን ያፍጥን። በዋዜማው ለተገዛ የአረፋ በግ የእርሳስ ንድፍ ይበቃል።

ዶሮዋ ሥዕሉ ሳያልቅ ከታረደች ሠዓሊው በትዝታ ይጨርስ፤ ወሎ ውስጥ ትዝታ አይቸግርም። አሥራ ሁለቱን ብልት ከድስት አስወጥቶ፣ አስደርድሮ፣ «ለማመሳከሪያ ነው» ማለት ግን በጥብቅ የተከለከለ ነው። አማቶች የሚጎርሱትን እየጠበቁ ሳለ ይህ ሊሞከር እንደማይገባ ልዩ ማስታወቂያ ማውጣት አያስፈልገንም ነበር፤ አስፈልጎናል።

አንቀጽ 7። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ባለጸጎች የሰባ በሬና በግ ሥዕል ሲያሠሩ፣ ከብቱ የሌለውን ስብ ጨምሩበት እያሉ ሠዓሊዎችን ያስጨንቁ ነበር። ቶማስ ቢዊክ የተባለው ቀራጭ በዓይኑ ያላየውን ስብ አልጨምርም ብሎ እምቢ ማለቱን በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። እኛም ከቢዊክ ጋር ቆመናል። የአበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 የሚሆን ትንንሽ እንቁላል ነው። ከሥሯ የሞላ ቅርጫት እንቁላል ሥሎ ባለቤቷን የሚያስመካ፣ ጎረቤትንም «ጫጩት ስጡን» የሚያሰኝ ሠዓሊ በማታለል ይጠየቃል። ኩበት መሰል ጭቃ እግሯ ላይ ካለ ይሣል። ጭራዋ በአንድ ወገን ተነቅሎ ከሆነ የነቀለው ልጅም አብሮ ይሣል።

«ፎቶዋን በስልክ ላኩልኝ» ማለት ክልክል ነው። የኪዮቶው ኢቶ ጃኩቹ፣ እርሱም የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ ዶሮዎች በግቢው አርብቶ፣ አመላቸውን ቁጭ ብሎ ካየ በኋላ ነው ብሩሹን ያነሣው። የደጋን ሠዓሊም ዱካ ላይ ይቀመጥ፣ ፀሐይ ይምታው፣ ዶሮዋ ስትጭር አቧራው ዓይኑ ውስጥ ይግባ። ቡናው ከእኛ ነው።

አንቀጽ 8። ሥዕሉ በሸራ፣ በእንጨት ወይም በቆዳ ላይ ሊሠራ ይችላል። ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል ስማቸው የታወቀ ነው፤ የባቲ ፍየል ቆዳም ጥራቱን የሚያውቀው ያውቀዋል። ሆኖም የፍየል ሥዕል በፍየል ቆዳ ላይ መሥራት በግቢው ለቀሩት ፍየሎች ማስጠንቀቂያ ስለሚመስል ተከልክሏል።

አንቀጽ 9። ድሮ ሥዕል ያሠራ ሰው ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ፣ ስሙ ተጽፎለት ይታይ ነበር። ባለዶሮውም ከፈለገ ከዶሮዋ እግር ሥር፣ ከጥሬው አጠገብ ሊሣል ይችላል። በቁመት ግን ከዶሮዋ አይበልጥም። ሥዕሉ ላይ ክራባት እንዲደረግለት የሚጠይቅ ለብቻው ከፍሎ ሌላ ሥዕል ያሠራ።

አንቀጽ 10። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚለው አባባል ከዚህ አዋጅ ጋር ስለሚቃረን ተሽሯል፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምስጋና ሆኖ እንዲቆጠር ተሻሽሏል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እንደጸና ይቆያል፤ የቋንጣው ጉዳይ ገና አልተዘጋም።

አንቀጽ 11። አዋጆች በነጋሪት ጋዜጣ መታተም ከጀመሩ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ለዶሮ ፊት የተጻፈ አንድም መስመር አላየንም፤ ይህንንም የሚያትምልን አልተገኘም። ስለዚህ ሰኞ በባቲ ገበያ፣ ከዶሮ ተራው አጠገብ በጩኸት ከተነገረበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። የተሸጡ ዶሮዎችን ወደ ኋላ ተመልሶ አይመለከትም።

ባለቤቶች ሆይ፣ ሥዕል ለመረከብ ስትመጡ ቀሪውን ሒሳብ በእጃችሁ፣ ዶሮዋን በብብታችሁ ይዛችሁ ኑ። ዶሮዋ ከሌለች ሥዕሉ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ስለማይቻል አንሰጥም።