ከሃርቫርድ ጋር አንገት ለአንገት

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከተቀመጡት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በዚያው የፈረንጆች 2022 ሃርቫርድ ከአመልካቾቹ የተቀበለው 3.2 በመቶ ያህሉን ነው። ለጥቂት ቀደመን!

እርግጥ ሃርቫርድ ያን ዓመት የፈተና ውጤት የግድ አምጡ አላለም። እዚህ ግን ከውጤቱ ሌላ በር የለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲሰጥ ተወስኖ፣ ቀኑም ተገፍቶ ጥቅምት 2015 መባቻ ላይ አረፈ። ሳንጃና መተማ ቆላ ደግሞ ያኔ የሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ይረግፋል፤ ፈተናው ግን አይረግፍም፣ ያረግፋል እንጂ። በዚያ ዙር አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በዓመቱ 1,328 ሆኑ፤ እድገት ይሏል ይህ ነው።

ችግሩ አገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። አልጋው ጦሙን እንዳያድር ሪሜዲያል የሚባል ዘዴ መጣ፦ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ያልበቃው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያበቃውን ይማራል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ራስ ገዝ ሆነና ብሔራዊውን ፈተና ላለፉትም የራሱን መግቢያ ፈተና ደገሰላቸው።

በ2017 አላፊዎቹ 8.4 በመቶ ደረሱ። በጥብቅነቱ ፉክክር ሃርቫርድ አመለጠን ማለት ነው።