ሎሚዬና ሐኪሞቿ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ቢታመም የሚሰማ የለም፤ ተክል ሲታመም ግን ብሎኩ በሙሉ ያውቃል። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ጥሎኝ አራት ቀን ስተኛ በሬን ያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነበር፤ እሱም ቆጣሪውን ፈልጎ ነው። የበረንዳዬ ሎሚ ቅጠሏ የጠቆረ ለት ግን በአንድ ቅዳሜ ስድስት ጠያቂ ቆጠርኩ። አንዳቸውም ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ሁሉም መድኃኒት ይዘዋል።

ሎሚዋ የምትኖረው በ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው። ጎኑ ላይ «ለውጭ ግድግዳ» የሚለው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። ችግኟን የሸጠልኝ የመንገድ ዳር ነጋዴ «በዓመቷ ታፈራለች» ብሎኝ ነበር። ይኸው አራት ዓመቷ፤ እስካሁን ያፈራችው ምክር ብቻ ነው።

የበሽታው ምልክት ግልጽ ነበር። ቅጠሉ የምድጃ ጥላሸት የተነፋበት ይመስላል፤ ሲነኩት ይጣበቃል። የበረንዳው ወለል ሳይቀር ማር የፈሰሰበት ያህል ሙጭጭ ብሎ ነጠላ ጫማዬን አልለቅም ይላል። ጎረቤቴ እትዬ ገና ከበር ሆነው «ይሄማ ዓይን ነው፤ ጤና አዳም አጠገቧ ትከልላት» አሉ። የሁለተኛ ፎቁ ጋሼ ዓይን የሚባል ነገር አይቀበሉም፤ ሳይንስ ነው የሚያምኑት፤ «አመድ ንፋባት» አሉ። አንዷ ኦሞ፣ አንዷ ላምባ፣ አንዱ ፍሊት። ስልኩን የማይለቀው የአራተኛ ፎቁ ልጅ ደግሞ ቅርንጫፉ ላይ የሚመላለሰውን ጉንዳን አይቶ «እንዳትነካቸው!» ብሎ ጮኸ። በደቡብ ቻይና ገበሬዎች ከ1,000 ዓመት በላይ ጉንዳን እየገዙ ብርቱካን ዛፋቸው ላይ ይለቁ እንደነበር፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ እንዲሻገሩም የቀርከሃ ድልድይ ይሠሩላቸው እንደነበር አንብቧል። ልክ ነው፤ ነበሩ። የቻይናው ጉንዳን ግን አዳኝ ነው። የእኔው ምን እንደሆነ ኋላ ነው የደረስኩበት።

ስድስት ሐኪም መጣ፤ አንድም ሰው ቅጠሏን ገልብጦ አላየም። እኔም ጭምር።

እኔማ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። ከምክሮቹ ሁሉ ኦሞውን መረጥኩ፤ ምክንያቱም ቤት ውስጥ የነበረው እሱ ነው። አንድ ጭብጥ ሙሉ ኦሞ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጬ፣ እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ከላይ ከላይ ረጨሁባት። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ቅጠል ተቃጥሎ ረገፈ። የተረፈው ቅጠል ላይ ተባዮቹ ንጹሕ ሆነው ተቀምጠዋል።

የረገፈውን ስጠርግ ነው አንዱ ቅጠል በጀርባው የወደቀው። ከሥሩ፣ በደም ሥሩ ግራና ቀኝ፣ ምስር ክክ የመሰሉ ቡናማ ነገሮች ተደርድረዋል። ቅርንጫፉም ላይ ሞልተዋል፤ ለሁለት ዓመት የሎሚዋ ተፈጥሮ መስለውኝ ነበር። በጥፍሬ ብፍቀው ተነሳ፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው! አፏን ሰክታ የተክሉን ፈሳሽ የምትመጥ ተባይ ናት፤ ቦታ ከያዘች ወዲያ የመነቃነቅ ሐሳብ የላትም። ለጋው ጫፍ ላይ ደግሞ ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ተፋፍጎ ሌላ ድግስ ይዟል። ሁለቱም ከሚመጡት ስኳር የተረፋቸውን ከኋላቸው ያንጠባጥባሉ፤ ወለሉን ማር ያስመሰለው ይኸው ነው። ጥላሸቱም ያ ጣፋጭ የፈሰሰበት ቦታ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው፤ ቅጠሉን ራሱን አይበላም፣ ብርሃን ይጋርደዋል እንጂ። ጉንዳኑስ? ጉንዳኑ እረኛ ነው። ጣፋጩን እያለበ፣ ክሽክሹን ሊበላ የሚመጣውን እያባረረ መንጋውን ይጠብቃል። የአራተኛ ፎቁ ልጅ ሌባውን እንዳልነካ ያስማለኝ ጠባቂው መስሎት ኖሯል።

መፍትሔው ምን ሆነ? ሳሙና። ኦሞ ሳይሆን ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፤ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ። ፀሐይ ሲበርድ፣ በተለይ ከቅጠሉ ሥር፣ እስኪንጠባጠብ። ሳሙናው የሚገድለው ያገኘውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ ወዲያ ኃይል የለውም። ክሽክሽ ደግሞ ያለ ወንድ የምትወልድ፣ ልጇም በሙቀት ጊዜ በሳምንት ገደማ ለመውለድ የምትደርስ ጉድ ስለሆነች፣ በሳምንቱ መድገም፣ በሳምንቱ መሠለስ ነው። የተጣበቁትን ምስሮች በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ወይም አልኮል በነካ ጥጥ አንድ በአንድ መፈቅፈቅ። ይህ ሕክምና አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ አሰልቺ ነው። ጋሼ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «በቃ? ሳሙና?» አሉኝ፣ ልጃቸው ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ይመስል።

ለጉንዳኑ የእናቴን ዘዴ ወሰድኩ። የስኳር ዕቃዋን ውሃ ያለበት ሳህን መሐል እንደምታስቀምጠው፣ ባልዲውን በጡብ ላይ ሰቅዬ ጡቡን ሳፋ ውሃ ውስጥ አቆምኩት። ሁለት ቀን በኩራት ኖርኩ። በሦስተኛው ቀን ጉንዳኖቹ እንደ ቀድሟቸው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አንዲት ቅጠል ጫፏ ግድግዳውን ነክታለች፤ ያለ ቀርከሃ ድልድይ ሠርታላቸዋለች።

በመሐል ሌላ ጉድ ተነሳ። ለጋ ቅጠል ላይ ብርማ መስመር እየተጠማዘዘ ሲሄድ እትዬ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ ጽሑፍ ነው፤ መተት ነው» አሉኝ። ጸሐፊው በቅጠሉ ቆዳና ሥጋ መሐል እየበላ የሚሄድ የትንሽ የእሳት ራት ዕጭ ነው። የሚረጨው አይደርስበትም፤ የቅጠሉን መልክ ከማበላሸት ያለፈ ብዙም አይጎዳም፤ መተው ነው የሚሻለው። ይህን ባስረዳም እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠሉን ሲያልፉ ያማትባሉ።

ጋሼ በበኩላቸው የሚናፍቁት ዲዲቲን ነው። «ዱሮ ቢሆን አንድ ጊዜ ብቻ!» ይላሉ እጃቸውን እየወዘወዙ። በእ.ኤ.አ. 2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን እንደ ወባ ትንኝ ላሉ በሽታ አስተላላፊዎች መከላከያ ብቻ እንደተወው አልነገርኳቸውም፤ የካሊፎርኒያን ታሪክ ግን ነገርኳቸው። በ1880ዎቹ ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ የዚያን አገር ብርቱካን ሊጨርሰው ሲል፣ አልበርት ኮቤሌ የሚባል ሰው አውስትራሊያ ሄዶ ተባዩን የምትበላ ቀይና ጥቁር ትንሽ ጥንዚዛ አስመጣላቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ተባዩ ድራሹ ሊጠፋ ደረሰ። በ1940ዎቹ ዲዲቲ መጣና ረጩ፤ ጥንዚዛዋ አለቀች፣ ተባዩ ተመለሰ። ጋሼ ጥቂት አሰቡና «በደንብ አልረጩትም» አሉ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሎሚዬ ለጋ ቅጠል አወጣች። ከዚያ የሚበልጠውም አንድ ማለዳ መጣ፤ ጀርባዋ ቀይ፣ ጥቁር ነጥብ ያላት ጥንዚዛ ግንዱ ላይ አየሁ። ውላ አድራ እንቁላል ጥላ ኖሮ፣ ከጊዜ በኋላ ጥቁር መልክ ላይ ብርቱካናማ ጠቃጠቆ ያለባቸው፣ ትንንሽ አዞ የሚመስሉ ዕጮቿ ከክሽክሹ መሐል ገብተው ሲበሉ ደረስኩ። መልካቸው ያስፈራል፤ ሥራቸው ግን የመልአክ ነው። የሳሙናውን ጠርሙስ አስቀመጥኩ። እየዘመርኩ ሥራ ሄድኩ።

ማታ ስመለስ ደረጃው ላይ ፍሊት ፍሊት ይሸታል። እትዬ በረንዳችንን በሚለየው ብረት ላይ ተንጠልጥለው ጠበቁኝ።

«ደግሞ ሌላ መጥቶብህ ነበር እኮ ልጄ! አዞ የሚመስል፣ የሚያስጠላ! አንድ አላስቀረሁልህም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አልኩ። ምን ልበል?

«ምን አለበት፣ ጎረቤት ለምኑ ነው» አሉና ፍሊቱን ነቅንቀው የቀረውን በጆሯቸው አዳመጡ። «ስታፈራ ብቻ እንዳትረሳኝ።»