ረከቦቱን ለቲሸርት አዳዩ ስጡት

የአሜሪካ ጦር አዛውሮት የማያውቅ ሰው ስለ ጥንቃቄ ባያወራ ይሻለዋል። መንግሥት ከፍሎ የሚልካቸው ዕቃ ጠቅላዮች ቤት ከገቡ የሚያልፉት ነገር የለም፤ የወጥ ቤቱን የቆሻሻ ቅርጫት እንኳ ከነቆሻሻው ያሽጉታል። የሽንኩርቱ ልጣጭ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ ውቅያኖስ አቋርጦ ጀርመን ይገባል። ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ ምን ይደረግ? ልጣጩ በሰላም ደርሷል።

መዝገብ አያያዛቸውማ አይነሣ! አማርኛ ማወቃቸው ተፈልጎ ጦሩን የተቀላቀሉ የእኛ ልጆች ስላሉ ረከቦትም በዚያ መዝገብ ያልፋል። ሠራተኛው አገላብጦ ያየውና «ትንሽ ጠረጴዛ፣ የተጫረ፣ ጠርዙ የተሸረፈ» ብሎ ይጽፋል። ኧረ አልተጫረም፤ ገና ከሳሎን አልወጣም! ሰውየው ግን አርቆ አሳቢ ነው፣ መኪናው ላይ የሚደርስበትን ከወዲሁ አይቶለታል። ባለቤቲቱ ትፈርማለች። ሲደርስ ለሁለት ተሰንጥቆ ብታገኘው ጉዳቱን ለማስታወቅ 180 ቀን ተሰጥቷታል፤ ፊርማዋም እዚያው መዝገቡ ላይ ይጠብቃታል።

ይህ ሁሉ እንዲሻሻል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 እስከ 17.9 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ውል ለአንድ አስተባባሪ ድርጅት ተሰጠ። አጓጓዦቹ «ክፍያው አነሰን» ብለው ሸሹ። ቤተሰቡ ካርቶን ላይ ተቀምጦ የማይመጣ መኪና ሲጠብቅ ዋለ፣ አደረ። በጁን 2025 ውሉ ተሰረዘ፤ ማሻሻያውም ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ምስጋናው ግን አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ከ1986 ጀምሮ ኤፕሪል የወታደር ልጆች ወር ነውና ትምህርት ቤቱ ሐምራዊ ይለብሳል። በሜይ፣ ከእናቶች ቀን በፊት ባለው ዓርብ፣ ተራው የወታደር ሚስቶችና ባሎች ይሆናል፤ ኬክ ይቆረሳል፣ ፎቶ ይነሣል። ወዲያው የዝውውሩ ወቅት ይገባና መኪና ይጠፋል። ለልጆቹ አበባም ተመርጦላቸዋል፤ ዳንዴላየን ይባላል፣ ነፋስ የጣለው ቦታ ሁሉ ይበቅላልና። (ያው አሜሪካዊ ይህንኑ አበባ ግቢው ሣር ላይ ሲያየው መርዝ ገዝቶ እንደሚረጭበት ለጊዜው እንለፈው።) 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ይዛወራል የሚባልለት ልጅ የልብ ጓደኛ ባይኖረው ምን ቸገረው፣ አበባ አለው።

እናቱ ነርስ ከሆነች ደግሞ ዕረፍት አግኝታለች። ከቨርጂኒያ ወደ ካሊፎርኒያ ሲሻገሩ የሰው ጉበት ቦታ የሚለውጥ ይመስል «አዲስ ፈቃድ እስኪወጣልሽ ቤትሽ ቆዪ» ስትባል ኖራለች። በጃንዋሪ 2023 የቀድሞው ፈቃዷ ይታወቅላት የሚል የፌዴራል ሕግ ወጣላት። እሰየው! ሕጉን ያላነበበ ጸሐፊ መስኮት ላይ እስኪገጥማት ድረስ መብቷ የተጠበቀ ነው። እስከዚያው ያገኛት ሹም ሁሉ ከንፈሩን መጥጦ «የእናንተ ጽናት እኮ ልዩ ነው» ይላታል። ጽናት ኪራይ የሚከፍል ቢሆን ይህች ሴት ባለ ፎቅ ነበረች።

እኔ የምለው፣ ያን ሁሉ ሐምራዊ ቲሸርት በየጦር ሰፈሩ፣ በየልኩ፣ ቀኑን ሳያሳልፍ የሚያደርሰው ማን ነው? ጠፋ፣ ተቀደደ፣ ሌላ ስቴት ሄደ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ረከቦቱን ለእሱ ስጡት።