አዴር፣ ምን ሆነው ነው በእግርዎ?

በሶማሌ ክልሏ ደገሀቡር ውስጥ አንድ የተከበረ ሰው በእግሩ ሲሄድ ከታየ ከተማው ሦስት ነገር ይጠረጥራል። ወይ መኪናው ጋራዥ ገብቷል፣ ወይ ንግዱ ተበላሽቷል፣ ወይ ሰው ሞቶበት የሚሄድበትን አያውቅም። አራተኛ ምክንያት ቢሰጥ የሚያምን የለም። «ሐኪም በእግርህ ሂድ ብሎኝ ነው» ቢል የሚታማው ሐኪሙ ነው፦ «ይህን ለማለት ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት የተማረው? መሄድማ እናቴም አስተምራኛለች!»

አይፈረድበትም። በእኛ አገር መድኃኒት ማለት የሚቆጠር፣ ቀለም ያለው፣ ቢቻል የሚወጋ ነገር ነው። መርፌ ያላዘዘ ሐኪም ግማሽ ሐኪም ነው። «በሳምንት ሦስት ቀን የእግር ጉዞ» ብሎ ወረቀቱን የሚያቀብል ግን እንደ ቀልደኛ ይቆጠራል። ያን ወረቀት ይዞ የትኛው መድኃኒት ቤት ይገባል?

ስለዚህ ጉዳዩ ወደ ጫት በርጫው ይቀርባል። ሽርጡን ያገለደመው፣ ትራሱን የተደገፈው ጉባኤ ሕመሙን ያዳምጣል። ሰውየው ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ይረሳል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፣ ራሱን ያዞረዋል። እንቅልፉን የወሰደበት ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እኩለ ሌሊት የሚያልፈው ጫትና በስኳር የታጨቀው ሻይ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው እዚያ አይገኝም፤ ቢገኝም እሱም ቅሟል። ምርቃናው ከፍ ሲል ውሳኔው ይተላለፋል፦ ጭንቅላቱ ይታይ! ኤምአርአይ ይነሳ!

ከዚያ በኋላ ያለው ቅልጥፍና የሚደነቅ ነው። ከሚኒያፖሊስ የወንድም ልጅ ዶላሩን በሐዋላ ይለቃል። ሰውየው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅግጅጋ ይገባል፣ ከጋራድ ዊልዋል አየር ማረፊያ ተነስቶ አዲስ አበባ ይወርዳል። ቀበቶውን፣ ሰዓቱንና ቁልፉን አስረክቦ (ቁልፉን ዛሬ አልረሳውም!) እየተንኳኳ ከሚጮኸው ማግኔት ውስጥ ይጋደማል። ውጤቱም ይመጣል፦ «ለዕድሜዎ የሚጠበቅ ነው፤ በእግርዎ ይሂዱ።»

ያው ምክር ነው፤ ግን አሁን ፎቶ አለው። ፊልሙ ደገሀቡር ሲደርስ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘረጋል፣ በዋትስአፕ ወደ ሚኒያፖሊስ ይላካል፣ በሐኪም ዓይን ምንም ያልታየበት ቦታ ላይ የአጎት ልጆች ብዙ ነገር ያያሉ። በመጨረሻም ከቤቱ ካርታና ከልጆቹ የምስክር ወረቀት ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ሰውየው ግማሽ ድኗል። በእግሩ ግን አልሄደም።

ይህን አይተን በራሳችን ብቻ እንዳንስቅ ነጮቹም አሉ፤ እነሱ ያንኑ በትልቅ በጀት ይሠሩታል። ያለ መድኃኒት የሚሰጥ ሕክምናን፣ ማለትም የእግር ጉዞን፣ አመጋገብን፣ ተመስጦን፣ በክሊኒካዊ ሙከራ ሲፈትኑ የተሳታፊዎቹን አንጎል በፊትና በኋላ ፎቶ ያነሳሉ። ምክንያታቸው መናኛ አይደለም። የመርሳት በሽታ ለመምጣት አሥርት ዓመታት ይወስዳል፤ አጥኚ ያን ያህል ጠብቆ ደመወዝ የሚከፍለው የለም። ምስሉ ቀድሞ ወሬ ያቀብላል ተብሎ ይታሰባል።

በ2011 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የታተመውን ዝነኛ ጥናት እንውሰድ። ከ55 እስከ 80 ዓመት የሆኑ፣ መቀመጥ የለመዱ 120 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ በእግር ሄዱ፤ ግማሾቹ ሰውነታቸውን እያፍታቱ ቆዩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ ለትውስታ ወሳኝ የሆነው የአንጎል ክፍል በሄዱት ሰዎች 2 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ በሌሎቹ 1.4 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ መሄድ በመጨረሻ ፎቶ አገኘ!

ዜናው ሲበር መንገድ ላይ የጣላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አለች። የትውስታ ፈተናው ላይ ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ፤ የሄዱት ካፍታቱት አልበለጡም። ፎቶው ወፈረ፣ ቁልፉን የማግኘቱ ችሎታ ግን እኩል ሆነ። ታማሚው የፈለገው ቁልፉን ነበር።

እንዲህ ያለ ሙከራ ደገሀቡር ይሠራ ቢባል ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ደስ ይላል። መቀመጥ የለመዱ ሰዎችን መመልመል ችግር አይሆንም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት በርጫ ቤት ማንኳኳት ይበቃል። ችግሩ በዕጣ ሲከፈሉ ይጀምራል። የእግር ጉዞ አስመሳይ ክኒን የለውም። ሰው እየሄደ መሆኑን ሳያውቅ ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ቢያንስ ምስሉን የሚያነቡት ባለሙያዎች ማን ከየትኛው ቡድን እንደሆነ እንዳያውቁ ይደረጋል። ደገሀቡር ላይ እንኳን ባለሙያው፣ የግመል ወተት የምትሸጠዋ እናትም እስከ ምሳ ሰዓት ማን የት እንደተመደበ ታውቃለች። የሁለቱ ቡድን ሰዎች ደግሞ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። ማታ ሻይ ቤት ሲገናኙ «አንተ ነገ ተቀመጥ፣ እኔ እሄድልሃለሁ» ተባብለው ይስማማሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ደግነቱ ነው። ለመሄድ የተመደቡት አዴር (በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ለትልቅ ሰው የአክብሮት መጠሪያ) ገና ከበራቸው ሲወጡ አንድ ባጃጅ ጥግ ይይዛል፦

«አዴር፣ ምን ሆነው ነው በእግርዎ? ይግቡ!»

«አይ ልጄ፣ ስፖርት ነው።»

«ኧረ ገንዘብ አልቀበልዎትም፤ ይግቡ ብቻ!»

ሁለተኛውን ባጃጅ ሸኝተው ሦስተኛው ላይ እምቢ ማለት ኩራት ይመስላል፤ ገቡ። ካልገቡም ወሬ መጠያየቅ አለ። በሶማሌ ወግ ሰላም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ዝናቡ፣ ግመሉ፣ የዋጃሌ ገበያ ዋጋ፣ የታመመው፣ ያገባው፣ ውጭ ያለው ሁሉ በየተራ ይነሳል። 40 ደቂቃዋ አለቀች፤ አዴር የተራመዱት ከመስጊዱ እስከ ሱቁ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ከግመሎቹ ኋላ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የሚውለው እኩያቸው በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንደሄደ አይቆጥርም። ከተማ የገባ ዘመዱ መጀመሪያ የሚተወው እሱኑ መሄድ ነው። ሥልጣኔ ማለት መቀመጥ ነዋ! ልጆቹ አድገው ሲልኩለት ደግሞ የሚልኩት የስፖርት ጫማ ነው፤ ለበርጫ መሄጃ ይመቻል።

ፎቶ ሲመሰክር ብቻ ሳይሆን ሲከዳም መስማት ግን ያስፈልጋል። በ2011 የ8 ሳምንት የተመስጦ ሥልጠና የአንጎልን ቅርጽ እንደሚለውጥ የገለጸ ጥናት ብዙ ተወራለት፤ ሥልጠናውን የወሰዱት 16 ሰዎች ነበሩ። በ2022 የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች በ218 ሰዎች ሲያዩት የተባለው ለውጥ አልተገኘም። በዚያው ዓመት ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ሌላ ሙከራ 585 አዛውንቶችን በተመስጦ፣ በስፖርት፣ በሁለቱም ወይም በጤና ትምህርት መድቦ ተከታተለ። የትውስታ ውጤታቸው አልተለያየም። በ2023 ደግሞ ለአንጎል ይስማማል የተባለ አመጋገብ በ604 ሰዎች ላይ 3 ዓመት ተፈትኖ በፈተናም በኤምአርአይም ከማነጻጸሪያው ቡድን ጉልህ ልዩነት አላሳየም። እነዚህን የሚያወራ በርጫ አላጋጠመኝም። «አልተገኘም» የሚል ፎቶ በዋትስአፕ አይዞርም።

የአንድ ዓሣ ፎቶ ግን ሊዞር ይገባዋል። በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ አንድ የሞተ ሳልሞን ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው የሰዎች ፎቶ እያሳዩ፣ ሰዎቹ ምን እንደተሰማቸው «ጠየቁት»። ምስሉ የሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ ሥራ እንዳለ አሳየ! ነገሩ ተአምር አይደለም። ምስሉ በብዙ ሺህ ጥቃቅን ነጥቦች የተከፋፈለ ነው፤ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ሲፈተኑ ብዙ ሎተሪ የቆረጠ ሰው አንዱ እንደሚወጣለት ሁሉ፣ ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ብቻ ይበራሉ። ያን የሚያርም ስሌት ሲሠራ ዓሣው ወደ ሞቱ ተመለሰ። ሥራው በ2012 ኢግ ኖቤል የተባለውን የቀልድ ሽልማት አገኘ። ግመል ያረባ ሶማሌ ዓሣን ከምግብም የማይቆጥረው ያለ ነገር አይደለም፤ ሞቶ እንኳ ይዋሻል።

ሰው በአንጎል ፎቶ ይታለላል ወይ የሚለውም ተጠንቷል። በ2008 ሁለት ተመራማሪዎች ቴሌቪዥን ማየት ለሒሳብ ይጠቅማል የሚልን ጨምሮ የፈጠራ ጽሑፎችን ለአንባቢ ሰጡ። የአንጎል ምስል የተለጠፈባቸው ይበልጥ አሳማኝ ሆነው ተገኙ። በ2013 ግን ሌሎች ወደ 2,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ሲደግሙት የምስሉ ኃይል ከምንም የማይቆጠር ሆነ። ፈረንጆቹ ነጻ ወጡ ማለት ነው። የእኛ በርጫ ገና አልተመረመረም።

እኔ የምለው አጭር ነው። ምስሉ አጥኚውን ስለ አሠራሩ ፍንጭ ይሰጠዋል፤ ሕክምናው ሠርቷል ወይ የሚለውን የሚመልሰው ግን የሰውየው ኑሮ ነው፦ ተኝቷል ወይ? ቁልፉን አገኘ ወይ? ደረጃውን ሳያለከልክ ወጣ ወይ? መሄድ ልብን እንደሚጠቅምና የደም ግፊትን ዝቅ እንደሚያደርግ ለማወቅ ማንም ጭንቅላቱን ማግኔት ውስጥ መክተት የለበትም፤ ሐኪሙ ያን ወረቀት የጻፈውም ለዚሁ ነው። አዴር ግን «ሳይንሱ ይጣራ» ብለው ትራሳቸውን አስተካክለዋል። ይጠብቁ፤ ብቻ ተቀምጦ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ሳይመዘገብ የማነጻጸሪያው ቡድን አባል እንደሆነ ይወቁት። እነዚያ ደግሞ ቢያንስ ሰውነታቸውን ያፍታቱ ነበር።