ጉልቻ ቢለዋወጥ፦ የኤሌክትሪክና የምድጃ ፕሬዠር ንጽጽራዊ ጥናት በሮብ ገበያ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ» የሚለው አባባል በመስኩ ከዚህ ቀደም የተሠራ ብቸኛው ጥናት ነው። አጥኚው ስንት ጉልቻ እንደለዋወጠ፣ ወጡ የምን ወጥ እንደነበር፣ ማንስ እንደቀመሰው አልተመዘገበም። ግኝቱ ግን ማንም ሳይፈትሸው ከማጀት ወጥቶ የሹም ሽር መተንተኛ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ወደ መጣበት ወደ ማጀት ይመልሰዋል። ጥያቄው አጭር ነው፤ አንድ የሮብ ገበያ ቤተሰብ ፕሬዠር ልግዛ ብሎ ቢነሳ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ይምረጥ ወይስ ምድጃ ላይ የሚጣደውን?

ሮብ ገበያ የተመረጠችው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ከተማዋ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በጮቄ በኩል ወደ ድጓ ጽዮን በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ደብረ ማርቆስ ራሷ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሮብ ገበያ ከእሷም ሽቅብ ናት። በባሕር ጠረፍ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ ደብረ ማርቆስ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ87 በታች። ውሃ ከፈላ በኋላ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ማገዶ ቢጨመርለት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ድስቱ ውስጥ ያለው ባቄላ የተጨመረ ነገር መኖሩን አይሰማም።

በዚህ ረገድ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 የአንዲስን ተራራ ሲያቋርጥ ያየውን ጽፏል። ድንቹ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ አድሮ ጠዋት ጥሬ ሆኖ ተገኘ። ዳርዊን የአየሩ ግፊት መቀነስ ነው አለ። አብረውት የነበሩት ሰዎች ግን ተመካክረው ጥፋቱን ድስቱ ላይ ጣሉት፤ አዲስ ነበርና፣ እርጉም ድስት ድንች ላብስል አላለም ሲሉ ደመደሙ። የአውሮፓ ሊቃውንት በሰዎቹ ድምዳሜ ሲስቁ ኖረዋል። ስናን የድንች አገር ስለሆነ እዚህ ሁለቱም ወገን በእኩል ይደመጣል። አዲስ ድስት ሳይሟሽ ቢጣድ አመል እንደሚያወጣ የማያውቅ ቤት በወረዳው የለም፤ ዳርዊን ድስቱ ተሟሽቶ እንደሆነ አልጠየቀም።

ሁለተኛው ምክንያት ቀኑ ነው። ገበያው የሚቆመው ሮብ ነው፤ ሮብ ደግሞ ጾም ነው። ስለዚህ አጥኚው ከገበያተኛው ጋር አብሮ የሚያየው ድስት ሁሉ ወይ ክክ ነው፣ ወይ ባቄላ፣ ወይ ንፍሮ። ስጋ በናሙናው ውስጥ አልተካተተም። ይህ የጥናቱ ውሱንነት ነው ተብሎ ሊወቀስ ይችላል፤ ወቃሹ ግን በስንት ሰዓት ምን እንደበላ አስቀድሞ ይናገር።

የጾሙ ነገር ወደ መሣሪያው ታሪክ ሲገባ ይብሳል። የመጀመሪያውን ፕሬዠር የሠራው ዴኒ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ላይ አሳየው። ክዳኑ በብሎን የታሰረ ወፍራም ድስት ሲሆን፣ እንዳይፈነዳ ብሎ ፓፓን ራሱ የፈጠረው ማስተንፈሻም ነበረው። ከሦስት ዓመት በኋላ የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባላት በዚሁ ዕቃ የበሰለ እራት ተጋበዙ። ከተጋበዙት አንዱ ጆን ኤቭሊን በዕለት ማስታወሻው እንደመዘገበው ዓሣም ስጋም ቀርቧል፤ የበሬና የበግ ጠንካራ አጥንት እንደ አይብ ለስልሷል፤ የፈጀው ከሰልም 230 ግራም አይሞላም። ታሪክ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቀኑ ግን አፕሪል 12፣ 1682 ነው። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ገና በዩልዮስ ቀመር ስለምትቆጥር የፋሲካዋ ቀን ከእኛው ጋር አንድ ነበር። ሲሰላ ዕለቱ ሚያዝያ 17 ቀን 1674 ዓ.ም. ሆኖ ይገኛል፤ ሮብ ነው፤ እሱም የሰሙነ ሕማማት ሮብ ነው። በዚያው ዓመት ያረፉት የጎንደሩ ንጉሥ ጻድቁ ዮሐንስ ሕማማትን ሲይዙ፣ ለንደን ላይ በፕሬዠር የተቀቀለ አጥንት ይመጠመጥ ነበር። የፕሬዠር የተመዘገበ የመጀመሪያ ግብዣ በግድፈት መጀመሩን ያነሳ ሌላ ጥናት አላጋጠመኝም። ከዚያው እንፋሎት የተነሳው ሐሳብ ውሎ አድሮ የምድር ባቡርን ወለደ። ባቡሩ ጎጃም አልደረሰም፤ ድስቱ ደርሷል።

ወደ ንጽጽሩ እንግባ። የምድጃው ፕሬዠር በተለምዶ ከውጭው አየር ወደ 1 ባር ያህል አስበልጦ እንፋሎት ያምቃል፤ በባሕር ጠረፍ ውስጡ 120 ዲግሪ ይደርሳል። የኤሌክትሪኩ ከዚህ ያንሳል፤ ብዙዎቹ 0.7 ባር አካባቢ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም ከውጭው አየር በላይ ስንት እንደጨመሩ ነው የሚለኩት። የደጋው አየር ሲሳሳ የእነሱም መነሻ አብሮ ይወርዳል፤ በደብረ ማርቆስ ከፍታ የምድጃው ወደ 116፣ የኤሌክትሪኩ ወደ 110 ዲግሪ ይሆናል። ተራራው ክዳኑ ጥብቅ ነው ብሎ ግብሩን አይምርም። የአምራቾቹ መመሪያ ይህን ያውቃል፤ ከ600 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር የማብሰያውን ጊዜ 5 በመቶ አስረዝሙ ይላል። በደብረ ማርቆስ ሂሳቡ 30 በመቶ ይመጣል፤ 20 ደቂቃ የተባለው 26 ማለት ነው። መመሪያው የሚገኘው ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ ካርቶኑ ያለው ቆጥ ላይ ነው።

የኤሌክትሪኩ ፊት ላይ ቁልፎች ተደርድረዋል። ለሩዝ፣ ለገንፎ፣ ለኬክ፣ አልፎ አልፎም ለእርጎ። ለጉልባን የለም፤ ለክክ የለም፤ ጮቄ ላይ ለሚዘራው እንግዶም የለም። የገንፎው ቁልፍ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ሲመረመር በቻይና ከሩዝ ቀጥኖ የሚጠጣውን ገንፎ እንጂ መሐሉ ላይ ቅቤ የሚቀመጥበትን እንደማያውቅ ተረጋግጧል። በተግባር የሚሠራበት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ቀን ክክ ያበሰለው ነው። ሌሎቹ ስለሚያበሩ ይወደዳሉ።

ኃይሉ 1,000 ዋት አካባቢ ነው፤ ወረቀቱ ላይ። ምሽት ላይ ሰፈሩ በሙሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲያሞቅ አምፖሉ ይደበዝዛል። 220 የነበረው ቮልት 180 ሲደርስ ኃይሉ በዚያው ልክ ሳይሆን በካሬው ስለሚወድቅ የ1,000 ዋቱ ድስት 670 ገደማ ይቀረዋል። ክኩ የማን ምጣድ እንደሆነ አያውቅም፤ ባለቤቲቱ ግን ያውቃሉ።

መብራት ሲሄድ የሚፈጠረው ሁኔታ ለፈላስፎች የተተወ ነው። የኤሌክትሪኩ ክዳን እንፋሎቱ ካልወረደ አይከፈትም፤ ቁልፎቹ ጠፍተዋል፤ ከደቂቃው ስንቱ እንደተቆጠረ የሚናገር የለም። ባቄላው ያን ጊዜ በስሎም ጥሬም ነው። የምድጃው ግን ስደት ያውቃል፤ ከስቶቭ ወደ ከሰል፣ ከከሰል ወደ ጉልቻ ይዞራል። ችግሩ ከሰል እሳት የሚቀነስበት ማዞሪያ የለውም። ማስተንፈሻው ማፏጨት ሲጀምር እሳቱ መርገብ አለበት፤ ስለዚህ ፍሙ አመድ ይለብሳል፣ ወይም ድስቱ ወረድ ተደርጎ ይቆያል። ኩበት ላይ የተጣደ እንደሆነ የፕላስቲክ እጀታው ከቤቱ ጋር ይላመድና ቅርጹን ይቀይራል። ጎማው ደግሞ ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማ የያዘ ፕሬዠር ማለት ውድ ብረት ድስት ነው።

መብራቱስ ለምን ይሄዳል? አንድ ሐሳብ እዚህ ይቀርባል። ከጮቄ የሚነሱት ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ተምጫ ዓባይ ይገባሉ። ዓባይ ጎጃምን ዞሮ ጉባ ይወርድና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የሕዳሴ ግድብ ተርባይን ይመታል። ከዚያ ኃይሉ በሽቦ ሽቅብ ይወጣል። እንግዲህ ከሮብ ገበያ በላይ የመነጨው ውሃ አገር አካልሎ የሚመለሰው በእንስራ የቀረውን ወንድሙን ለማፍላት ነው። ይህን ያህል መንገድ የሄደ ሰው ቢዘገይ ማንም አይቆጣውም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሙቀት ነው። ሙቀት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ ፉጨቱ ነው።

የምድጃው ፕሬዠር ያፏጫል፤ የኤሌክትሪኩ ጨርሶ ሲያበቃ ጢጥ ይላል እንጂ ዝምተኛ ነው። አጥር ለአጥር የሚዋሰን ጎረቤት ከፉጨቱ ብዙ ነገር ይረዳል። ሮብ ካፏጨ ክክ ነው። ሐሙስ ቶሎ ካቆመም ክክ ነው፤ ሐሙስ ረዝሞ ከቀጠለ ግን እንግዳ መጥቷል፤ የማን ወገን እንደሆነ ደግሞ ቡና ላይ ይጣራል። የጎረቤት ትውውቅ ግማሹ የቆመው በእንዲህ ያለ መረጃ ነው። ዝምተኛው ድስት ይህን ሁሉ ያቋርጣል። ድምፅ ሳያሰማ የሚያበስል ቤት ምን እንደሚያበስል አይታወቅም፤ የማይታወቅ ድስት ደግሞ ስጋ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ጾም ቀን ከሆነ ግምቱ ይከብዳል።

በሌላ በኩል ልጅ ማታ ቤት ውስጥ ቢያፏጭ ሰይጣን ትጠራለህ ተብሎ ይገሰጻል። ፕሬዠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ልጁ አሥር ዓመት የማያፏጨውን ሲያፏጭ የሚገስጸው የለም። ጉዳዩን ያነሳሁላቸው ሰዎች ሁለት ወገን ሆኑ። አንደኛው ወገን ፉጨት ከከንፈር እንጂ ከብረት አይቆጠርም ይላል። ሁለተኛው ሰይጣን መጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ግን የክክ እንፋሎት አይቶ ተመልሷል ይላል። የመጀመሪያው ሥርዓት ያውቃል፤ ሁለተኛው ሰይጣንን።

ክዳን የማይከፈት መሆኑም ክርክር አለበት። ወጥ ሠሪ ከፍታ ታማስላለች፣ ጨው ትቀምሳለች፣ ትመርቃለች። ታሽጎ የሚበስል ወጥ ይህን ሥልጣን ይገፍፋል። ሆኖም በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመች ሴት ብትከፍተውም አትቀምሰውም። ለገሃነም የሚያሰጋውን ማንኪያ አስቀድሞ የሚከለክል መሣሪያ ቢኖር ፕሬዠር ነው። ይህን ነጥብ ለአምራቾቹ ነፃ አድርጌዋለሁ።

የምርጫውን ጥያቄ በገበያው ዳር ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ለሚሸጡ አንዲት እናት አቀረብሁ። «እማማ፣ ኤሌክትሪኩ ይሻላል ወይስ የምድጃው?» ሽንኩርታቸውን እያስተካከሉ «ማን ሊገዛልኝ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ጥናቱ ከዚህ በኋላ አቅጣጫውን ለወጠ። ፕሬዠር በአብዛኛው አይመረጥም፤ ይመጣል። ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ ትይዘዋለች፤ ወይም ለሠርግ ይሰጣል፤ ወይም አዲስ አበባ ያለ ወንድም ወቀሳ ሲበዛበት ይልካል። ሰጪው የሚመርጠው ሻንጣው የሚበቃውን ነው። ሁለተኛው ሰጪ የመጀመሪያው ምን እንደሰጠ ስለማያውቅ አንድ ቤት ሁለቱንም ያገኛል። ያን ጊዜ የኤሌክትሪኩ ቡፌ ላይ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፣ የምድጃው ማጀት ገብቶ ይጠቁራል፣ ሽሮው በሸክላ ድስት መንተክተኩን ይቀጥላል። ሦስቱ በተቀናቃኝነት የሚተያዩት የሚያወዳድር እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው።

የቀረው የዶሮ ወጥ ነው። ቁሌቱ በፕሬዠር እንደማይሆን ሁሉም ይስማማል፤ ሽንኩርት ሰዓቱን ወስዶ ካልተቁላላ ወጡ ወጥ አይሆንም። ስለዚህ ቁሌቱ በሸክላ ተሠርቶ፣ ብልቱ ብቻ ለሁለቱ ፕሬዠሮች እኩል ተከፍሎ እንዲበስል ሐሳብ አቀረብሁ፤ 12 ብልት ነውና ስድስት ስድስት። የቤቱ እመቤት ከብዙ ልመና በኋላ እሺ አሉ። ባለቤታቸው ግን ፈረሰኛው አንድ መሆኑን አስታወሱና በየትኛው ድስት ሊገባ እንደታሰበ ጠየቁ። መልስ አልነበረኝም። ሽማግሌ ተልኳል።