ስም ያልተጻፈበት ወረቀት

የዘንድሮ መኮንን በእኩዮቹ እስክሪብቶ ነው አሉ የሚመዘነው! ይህን ያረዳኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ምክትል መቶ አለቃ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም፣ ለፈቃድ ወረታ መጥቶ። አብረውት የሠለጠኑት ስማቸውን ሳይጽፉ «የማያውቀውን አውቃለሁ ይላል፤ ሌሊት ለጥበቃ ሲቀሰቅሱት ይነጫነጫል» ብለው ሰጡት። አንብቦ አመሰገናቸው! በእኛ ጊዜ ቢሆን ጥርስ ይረግፍ ነበር።

እኛም እኮ በደርግ ሠራዊት ሂስና ግለ ሂስ ነበረን። ኮሚሳሩ ፊት ተቀምጠን «ጓድ እገሌ ግለኝነት ያጠቃዋል» ስንባባል እንውላለን። «ጓድ ሻምበል፣ ያስቆፈሩን ምሽግ ዝናብ ሲጥል ኩሬ ይሆናል» ያለ ግን አልነበረም። አዛዡ ይቆጣል፣ ኮሚሳሩ ይጽፋል፣ የደኅንነቱ ሰው ደግሞ ሳይጽፍም አይረሳም። የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት 1980 በራሳቸው መንግሥት ተረሽነው ማን አፉን ይከፍታል? በመጋቢት የዕዙ መቀመጫ አፍዓበት ወደቀች። ያን ጊዜ ጥፋቱ የት እንደነበር የማይናገር ወታደር ጠፋ፤ ምን ዋጋ አለው!

ከእኛ በኋላ የመጡትም ግምገማቸውን ከበረሃ ይዘው ገቡ። በረሃ ሳሉ ተዋጊው አዛዡን ፊት ለፊት ይወቅስ ነበር ይባላል፤ ይሁን፣ ደግ ነው። ቢሮ ከገቡ በኋላ ግን ሂስ የበዛበት ሰው ወንበሩን አጣ፤ ወንበር የፈለገም ሂስ አበዛ።

«አባባ፣ ይሄኛው ለማዕረግ አይያዝም፤ እኔው እንድታረምበት ነው» ይለኛል። ወረቀት መቼ አርፎ ተቀምጦ ያውቃል? ራሱ እኮ ነው የነገረኝ፤ በአሜሪካኖች ሬንጀር በሚባለው ሥልጠና እኩዮቹ ዝቅ አድርገው የመዘኑት ሰው ኮርሱን ሊደግም፣ ሊባረርም ይችላል። ታዲያ!

እዚህ እኛ ፎገራ ላይ ለዚህ ወረቀት አይባክንም። በሩዝ አረም ወንፈል ወገቡን ይዞ የሚቆመውን ጎረምሳ ከጎኑ ያጎነበሰው ነው የሚያውቀው፤ የማሳው ባለቤት ከዳር ቆሞ ምን ያያል? እዚያው ስም ይወጣለታል፤ ስሙም ከርብ እስከ ጉማራ ይከተለዋል። ይቀየማል፣ ግን በማግስቱ ቀድሞ ይመጣል። የእሱም ማሳ መታረም አለበታ!

ይህን እየነገርኩት ወረቀቱን አጣጠፈ። ከታች የቀረች መስመር አይቼ ነበርና ተቀብዬ መነጽሬን አደረግሁ። «ሲቆጣ አያቱን ነው የሚጠቅሰው፤ ሰውየው የሚያሠለጥነን እስኪመስለን ሰለቸን» ትላለች።

የጻፈውን ልጅ ስም ጠየቅሁት።

«አልተጻፈም፣ አባባ።»

ይኸው! ስም አልባ ነገር የማልወደው ለዚህ ነው።