ሒሳብ ሲመጣ

«መምህርነት ምን ደስታ አለው?» ብለህ ካፌ ሙሉ ሰው ፊት ጠየቅከኝ አይደል? ጥሩ። ቁጭ በል። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥ፤ ድሮም ለምደኸዋል።

«ስም የላችሁም» አልክ። እኔ? በየማለዳው ከ50 በላይ ስም እጠራለሁ፤ ሁሉም «አቤት!» ይለኛል። አንተን በስም ጠርቶ የሚፈልግህ አበዳሪህ ብቻ ነው። እሱንም «አቤት» አትለው፤ «የለም በሉት» ነው መልስህ።

«ሥራችሁ 40 ደቂቃ ማውራት ነው» አልክ። 40 ደቂቃ አውርቶ ልጅ አለማስተኛት ቀላል መሰለህ? አንተ ገና 4 ደቂቃህ ነው፤ አስተናጋጇ ሁለቴ አዛጋች።

«ደሞዛችሁ አይረባም» አልክ። እውነት ነው። ጳጉሜንማ ጭራሽ የለም። ግን የኛ ጳጉሜን 5፣ ቢበዛ 6 ቀን ነው። አንተ 13ቱንም ወር ጳጉሜን ነህ!

«እንጀራ አይወጣላችሁም» አልክ። በምሳ ሰዓት ሳልፍ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ በሽሮ የራሰ እንጀራ ጠቅልላ፣ «በሞቴ፣ ቲቸር፣ ይቺን ብቻ!» ትለኛለች። ቁመቷ ገና ትከሻዬ ጋ አልደረሰም፤ እጇ ግን አፌ ድረስ ይደርሳል። አንተንስ ማን አጉርሶህ ያውቃል? ቢያጎርሱህም አፍህን ለመዝጋት ነው።

«ሕፃን ምን ያውቃል?» አልክ። አንዱ የአራተኛ ክፍል ልጅ የፊደል ገበታውን ወደ ታች ቆጠረ፤ ወደ ጎን ቆጠረ። ከዚያ ጣቱን እያጮኸ፣ «ቲቸር! ቲቸር! ይሄ እኮ ማባዛት ነው! 33 በ7፣ 231!» አለ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አንተም በ4 ደቂቃህ 231ዱንም ፊደል አውርተሃቸዋል፤ ቁም ነገር ግን አልወጣቸውም።

«አለቃ አትሆኑም» አልክ። የክፍላችንን አለቃ ላስተዋውቅህ። የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ ጻፍ ብዬው ወጣሁ። ስመለስ አምስት ስም ተጽፏል፤ አምስተኛው የራሱ! «አንተ ምን አጠፋህ?» ስለው፣ «‹ዝም በሉ!› እያልኩ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ» አለ። እንዲህ ያለ አለቃ የትኛው ቢሮ አይተሃል? አንተ ብትሆን የራስህን ትተህ የኔን ሁለቴ ትጽፍ ነበር።

«አስተማሪ ደረቅ ነው፤ ጨዋታ አያውቅም» አልክ። ዮፍታሔ ንጉሤ ምን ነበር? መምህር! ተማሪዎቹን መድረክ አውጥቶ ቴአትር ያሠራ መምህር። ለነገሩ ቴአትርስ አንተም ትሠራለህ። የምታውቀው ግን አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፦ አስተናጋጇ «ሒሳብ» ስትል ስልክ ጆሮህ ላይ ለጥፈህ «ሄሎ፣ ሄሎ» እያልክ መውጣት። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ አንተ ከሒሳብ ትሸሻለህ። ሁለታችንም በሒሳብ እንኖራለን ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ «አያልፍላችሁም» አልክ። አይለፍልኝ፤ እኔ አሳልፋለሁ! ትናንት ጥያቄው ጠፍቶበት እርሳስ ሲያኝክ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ገብቶት አጠገቡ ላለው ያስረዳል። «አይ፣ እንደሱ አይደለም፣ አየህ…» እያለ የኔኑ ድምፅ ያስመስላል። ያስተማርኩት ደግሞ ማካፈል ነው። አንተ ጋ ያልደረሰው ምዕራፍ! እሱ ሰው ያሳልፋል፤ አንተ ወረፋ ላይ እንኳ አሮጊት አታሳልፍም።

እናንተ ታዛቢዎች፣ እርማቱ ተጠናቋል፤ ስሙልኝ። ድምፅ፦ 10 ከ10። ሐሳብ፦ ባዶ። ሒሳብ፦ ያልተከፈለ። ጠባይ፦ ወላጅ ያነጋግሩን። ወድቀሃል፤ ክፍሉን ትደግማለህ።

ነገ ወላጅ ይዘህ ና!